ጥርስ ያለው ውል

እንግሊዝ አገር መሬት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ ነበር። ሰጪው ተቀባዩን ይዞ ማሳው ላይ ይቆማል። ጎረቤት ይሰበሰባል። ሰጪው ጓል አፈር ያነሣል ወይም ቅርንጫፍ ይቆርጥና በተቀባዩ መዳፍ ላይ ያኖራል። ይህን ያየ ሁሉ ምስክር ነው። ምስክር ግን ያረጃል፣ ይሞታል፣ አንዳንዴም በገንዘብ ይደለላል። አባት በጎረቤት ፊት የሰጠውን መሬት ልጁ ቢክድ፣ ያን ቀን ማሳው ላይ ከቆሙት አንድም ሰው በሕይወት ላይኖር ይችላል።

ነገሥታቱና ጳጳሳቱ ስለዚህ ወደ ብራና ዞሩ። የጥንቶቹ የአንግሎ ሳክሰን ነገሥታት ለገዳማትና ለመኳንንት የሚሰጡት የመሬት ደብዳቤ በላቲን እየተጻፈ መጨረሻው ላይ ግዝት ይታከልበት ነበር፤ ይህን ስጦታ ያፈረሰ በፍርድ ቀን ይጠየቅበታል ይላል። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዛሬዋ ኤርትራ፣ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ገዳም በሚገኘው ወርቅ ወንጌል ውስጥ ንጉሥ ላሊበላ የሰጡት የመሬት ጉልት ከነግዝቱ ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለቱም አገሮች መሬትን ያስጠበቁት በእግዚአብሔር ስም ነው። ሆኖም ግዝት የሚያስፈራው የሚፈራውን ሰው ብቻ ነው። የማይፈራው ሰው ብራናውን ፍቆ ሌላ ሊጽፍበት ይችላል።

ለዚህ ችግር መላው የተገኘው በ9ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው (ዓመቶቹና ቀኖቹ እዚህ ሁሉ፣ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊው አንዱን ውል በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ባዶ መስመር ይተውና በትልልቅ ፊደላት አንድ ቃል ይጽፍበታል። ከዚያ ብራናውን በእነዚያ ፊደላት መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል። የፊደላቱ ራስ በአንዱ ወገን፣ እግራቸው በሌላው ወገን ይቀራል። ጠብ የተነሣ ቀን ሁለቱ ወገኖች ቁራጫቸውን ያመጣሉ፤ ፊደላቱ ከገጠሙ ሰነዱ እውነተኛ ነው፣ ካልገጠሙ አንዱ ዋሽቷል። ብዙ ጊዜም ብራናው ለሦስት ይከፈልና ሦስተኛው ቁራጭ በቤተ ክርስቲያን አደራ ይቀመጥ ነበር። የኋላ ጸሐፊዎች ደግሞ ቀጥ ያለውን ቆረጣ ትተው ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ወይም እንደ ማዕበል፣ እያዛነፉ መቁረጥ ጀመሩ። ኢንደንቸር የሚባለው ሰነድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ጥርስ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጠው፣ ሌላ ወገን የሌለበት ሰነድ በአንጻሩ ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ይላጫል፤ እሱም ዲድ ፖል ይባላል። እንግሊዛውያን ዛሬም ስማቸውን ሲቀይሩ የሚፈርሙት ሰነድ በዚሁ ስም ይጠራል።

የዚህ ጥበብ ትልቅነት በአንድ ነገር ላይ ነው። አንዱ ወገን የያዘው ቁራጭ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ድሀው ገበሬ የያዘው ግማሽ የገዳሙ አበምኔት ከያዘው ግማሽ ጋር በክብደት እኩል ነው። በሕግ ፊት እኩልነት የሚባለው ነገር ገና ባልታሰበበት ዘመን፣ አንድ የቢላዋ ቆረጣ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጉዳይ እኩል አደረገ። የዚህን ሰነድ ታሪክ ስከታተል ዓይኔን ያላነሣሁት ከዚህ ላይ ነው፤ ያ እኩልነት የት እንደጸና፣ የት እንደጠፋም አብሬ እናገራለሁ።

ጽሑፍ ወዲያው ታምኖ አላደረም። በዱራም ካቴድራል እስካሁን የተጠበቀ አንድ የተሰበረ ቢላዋ አለ። በ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስቲፈን ደ ቡልመር የተባለ ባላባት ለመነኮሳት የሰጠውን ስጦታ ያጸናበት ነው። በቢላዋው ላይ ትንሽ ብራና ታስራ የስጦታው ነገር ተጽፎባታል። ለዚያ ዘመን ሰው ዋናው ማስረጃ ቢላዋው ነበር፣ ብራናዋ ተከታይ ናት። ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የዌስትሚንስተር ገዳም መነኮሳት በዚያው መቶ ዓመት በሞቱ ነገሥታት ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ ማዘጋጀታቸውን የታሪክ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። መጻፍ የሚችለው ካህኑ ብቻ ሲሆን፣ ማጭበርበር የሚችለውም እሱ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 15 ቀን 1195 መጣ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሁበርት ዋልተር በዚያ ጊዜ ንጉሥ ሪቻርድን ተክቶ አገር የሚያስተዳድር ሰው ነበር። በዚያ ቀን በንጉሡ ፍርድ ቤት በመሬት ጉዳይ የተደረሰ አንድ ስምምነት ለሁለት መቆረጡ ቀርቶ ለሦስት ተቆረጠ። ሁለቱ ቁራጮች ለተከራካሪዎቹ ተሰጡ። ሦስተኛው፣ ከብራናው ግርጌ የተቆረጠው፣ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ገባ። በጀርባው ላይም በንጉሡ ፍርድ ቤት በሦስት ቁራጭ የተሠራ የመጀመሪያው ሰነድ ይህ መሆኑ ተጽፎበታል። ከተዋዋዮቹ አንዱ የሊቀ ጳጳሱ የገዛ ወንድም ቴዎባልድ ዋልተር ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ይዛው የነበረውን የአደራ ቦታ መንግሥት ወሰደው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ቁራጩ ቢቃጠልበት፣ ቢሰረቅበት፣ ወይም ጉልበተኛ ጎረቤቱ ቢነጥቀው፣ ለንደን ውስጥ የማይነካ ሌላ ቁራጭ ይጠብቀዋል። ሥራው ከ600 ዓመታት በላይ ቀጥሎ በ1833 በወጣ ሕግ እስኪቀር ድረስ እነዚያ የግርጌ ቁራጮች ያለማቋረጥ ተከማቹ፤ ዛሬም በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የአገራችን የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውል አረጋግጦ አንዱን ቅጂ ሲያስቀር የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት ማኅተም ከንጉሥና ከጳጳስ እጅ ወጥቶ እስከ ገበሬው ወረደ። የእንግሊዝ ሕግም ዲድ ለሚባለው ሰነድ ሦስት ነገር ይጠይቅ ጀመር፤ በብራና ወይም በወረቀት መጻፍ፣ በሰም መታተም፣ ለባለጉዳዩ መሰጠት። ፊርማ ግን አይጠየቅም ነበር፤ አብዛኛው ሰው መጻፍ አይችልምና። ሦስቱን ያሟላ ሰነድ ከማስረጃነት አልፎ ድርጊቱ ራሱ ሆነ። በማኅተሙ ስር ቃል የገባ ሰው በምላሹ ምንም ባይቀበል እንኳ ቃሉ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚያስሯቸውን ቃሎች በዚህ መንገድ ይሰጡ ነበር።

ንጉሥም ጭምር። በ1415 ሄንሪ አምስተኛ ፈረንሳይን ለመውጋት ሲነሣ ሠራዊቱን የሰበሰበው በውል ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጸሐፊዎቹ ከየአለቃው ጋር ኢንደንቸር ጻፉ፤ ስንት ጥሩር ለባሽ፣ ስንት ቀስተኛ ይዞ እንደሚመጣ፣ ለአንድ ዓመት እንደሚያገለግል፣ ከምርኮ ላይ ለንጉሡ ስንት እንደሚከፍል። ጥሩር ለባሹ በቀን 12 ፔኒ፣ ቀስተኛው 6 ፔኒ ይታሰብለታል። ብራናው ከተቆረጠ በኋላ የአለቃው ማኅተም ያለበት ግማሽ በንጉሡ ቤት ይቀራል፣ የንጉሡ ማኅተም ያለበት ግማሽ ደግሞ በአለቃው እጅ ይሆናል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ደመወዝ በቅድሚያ ተከፈለ። ለሁለተኛው ሩብ ግን ገንዘብ አልነበረም፤ ንጉሡ ዘውዶቹን፣ የወርቅ ዕቃዎቹንና የከበሩ ድንጋዮቹን መያዣ አድርጎ ለአለቆቹ አስረከበ። ጥቅምት 25 ቀን በአዠንኩር ሜዳ ድል አደረገ። በ1422 ሲሞት ግን ከዚያ ጌጥ የተወሰነው ገና አልተዋጀም ነበር፤ አለቆቹና ወራሾቻቸውም ግማሽ ብራናቸውን ይዘው ሒሳባቸውን ይጠይቁ ነበር። ንጉሥን ደመወዝ ቀርቶብኛል ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ የሚቻልበት አገር በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። ይህን ያስቻለው በሁለት ሰው እጅ ያለው ጥርስ ያለው ብራና ነው።

በ1563 የወጣው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሕግ ያንኑ ሰነድ ወደ ሙያ አስገባው። አንጥረኛ፣ ሸማኔ ወይም ጫማ ሰፊ ለመሆን የሚፈልግ ልጅ ቢያንስ 7 ዓመት በባለሙያ ቤት በውል መቀመጥ ግዴታው ሆነ። ልጁ እንዳይሰርቅ፣ እንዳያገባ፣ ቁማር እንዳይጫወት፣ የጌታውን ምስጢር እንዳያወጣ ቃል ይገባል። ጌታው ሊያስተምረው፣ ሊያበላው፣ ሊያለብሰው ይገባል። አባት ልጁን ወክሎ አንዱን ቁራጭ ይይዛል።

በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ ግን ሚዛኑን አዛባው። የአጥቢያ ሹማምንት በሁለት ዳኞች ፈቃድ የድሀ ልጅ ለጌታ በውል እንዲሰጡ ሥልጣን አገኙ፤ ወንዱ እስከ 24 ዓመቱ፣ ሴቷ እስከ 21 ዓመቷ ወይም እስክታገባ ድረስ። ተዋዋዮቹ ሹማምንቱና ጌታው ናቸው። ልጁ በውሉ ውስጥ ያለው እንደ ጉዳዩ እንጂ እንደ ተዋዋይ አይደለም። ሁለት ወገን የነበረው ብራና ሁለት ወገን እንደሆነ ቀጠለ፤ የሚታሰረው ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ውጭ ሆነ። በእኔ ግምት የሰነዱ ታሪክ የተጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ በባሕር ማዶ የሆነው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ከ1607 ጀምሮ ቨርጂኒያ ሰው ትፈልግ ነበር። ድሀው እንግሊዛዊ የመርከብ መሳፈሪያ የለውም፤ የትንባሆ እርሻው ጉልበት የለውም። ስለዚህ ወጣቱ ለመርከብ አለቃ ወይም ለነጋዴ ይዋዋላል፤ ብዙ ጊዜ ለ4 ወይም ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ7። መርከቡ ሲደርስ ውሉ ለገበሬ ይሸጣል፤ ከውሉ ጋር ሰውየውም ይሄዳል። ከአሜሪካ አብዮት በፊት ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከገቡት አውሮፓውያን ከግማሽ የማያንሱት በዚህ ዓይነት ውል እንደሄዱ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። በጉዞው፣ በወባውና በሥራው ዘመኑን ሳይጨርስ የሞተው ብዙ ነው። ዘመኑን የጨረሰው ግን ቁራጩን ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ይችል ነበር፤ ነፃነቱን፣ ልብሱንና እህሉን ይጠይቃል። ያለ ውል የመጣው «እንደ አገሩ ልማድ» ይባልና ረዘም ላለ ዘመን ያገለግላል። ወረቀት ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት የሚቆጠረው በዓመታት ነበር።

በ1640 ልዩነቱ በዓመታት መቆጠሩ ቀረ። ሦስት አገልጋዮች ከአንድ ጌታ ቤት አብረው ጠፍተው ሜሪላንድ ውስጥ ተያዙ። አንዱ የደች ሰው፣ ሁለተኛው ስኮትላንዳዊ፣ ሦስተኛው ጆን ፓንች የተባለ አፍሪካዊ ነበር። የቨርጂኒያው ፍርድ ቤት ሐምሌ 9 ቀን ፈረደ። ሦስቱም እንዲገረፉ አዘዘ። ሁለቱ አውሮፓውያን ከውላቸው በላይ አንድ ዓመት ለጌታቸው፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ለቅኝ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ወሰነ። ጆን ፓንች ግን ዕድሜውን ሙሉ እንዲያገለግል ተፈረደበት። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ቀኑ አንድ ነው፤ ዳኞቹም እነዚያው ናቸው። ለሁለቱ የሚራዘም ዘመን ነበራቸው፤ ለሦስተኛው ዘመን የሚባል ነገር ተሰረዘ። በ1705 የቨርጂኒያ ምክር ቤት የባርነት ሕጎቹን አንድ ላይ ሲያጠቃልል፣ ያ የአንድ ቀን ፍርድ የሕዝብ ዕጣ ሆኖ ነበር።

ሰነዱ በነጮች መካከል ግን ጉልበቱን አላጣም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ12 ዓመቱ፣ በ1718፣ ቦስተን ውስጥ ለገዛ ወንድሙ ለአታሚው ጄምስ እስከ 21 ዓመቱ ሊያገለግል በውል ታሰረ። ጄምስ ጋዜጣውን እንዳያትም በመንግሥት በተከለከለ ጊዜ ጋዜጣው በቤንጃሚን ስም እንዲወጣ ተደረገ። ለማስመሰልም ጄምስ በአሮጌው ኢንደንቸር ጀርባ ላይ ሙሉ ነፃነት ጽፎ ለልጁ መለሰለት፤ በስውር ደግሞ ለቀረው ዘመን አዲስ ውል አስፈረመው። በ1723 ወንድማማቾቹ ሲጣሉ ቤንጃሚን ጥሎ ወጣ። ወንድሙ ሁለተኛውን ወረቀት ቢያወጣ ራሱን ያጋልጣልና ሊያወጣው እንደማይደፍር አውቆ ነው። ኋላ በሕይወት ታሪኩ ላይ ይህን ማድረጉን ከሕይወቱ ቀዳሚ ስሕተቶች ቆጥሮታል። ማንበብ የሚችል የ17 ዓመት ልጅ ስለነበር ግን ያ ወረቀት ሊይዘው አልቻለም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ውሉ የተዘረጋው ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1834 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የባርነት ማብቂያ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የሸንኮራ አገዳ ባለቤቶች ጉልበት እንዳያጡ ሰጉ። በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን አትላስ የተባለች መርከብ 36 ሕንዳውያንን በውል ይዛ ሞሪሽየስ ደረሰች። በ1836 የኋለኛው ጠቅላይ ሚኒስትር የዊልያም ግላድስተን አባት ጆን ግላድስተን፣ የጋያና እርሻዎች ባለቤት፣ ከካልካታ እንዲህ ዓይነት ሠራተኞች እንዲላኩለት ጻፈ። ግንቦት 5 ቀን 1838 ዊትቢና ሄስፐረስ የተባሉ ሁለት መርከቦች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎችን ጋያና አደረሱ። ከዚያ በኋላ ትሪኒዳድ፣ ናታል፣ ፊጂ ተከተሉ። ወደ ፊጂ ብቻ ከ1879 እስከ 1916 ከ60,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ።

ውሉ በአብዛኛው ለ5 ዓመት ነው። ደላላው በየመንደሩ እየዞረ ድሀውን፣ ባሏ የሞተባትን፣ ከቤተሰብ የተጣላውን ይፈልጋል፤ ቦታው ቅርብ ነው፣ ሥራው ቀላል ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙና ዘመኑ ተጽፏል፤ በሹም ፊትም ይነበባል። በወረቀቱ ላይ ፈቃድ ነበር። ያልነበረው፣ ፈቃዱን የሰጠው ሰው ፊጂ በየት በኩል እንደሆነች ማወቁ ነው። ከደረሰ በኋላ ሥራ ያልጨረሰ ወይም ከእርሻው ያለ ፈቃድ የወጣ በወንጀል ተከስሶ ይቀጣል ወይም ይታሰራል።

በ1845 የእንግሊዝ ፓርላማ ኢንደንቸር የሚባል ሰነድ ጠርዙ በጥርስ ባይቆረጥም እንደተቆረጠ ይቆጠራል ብሎ ደነገገ። ለጠበቆች ጥቃቅን ማሻሻያ ነበር። ነገር ግን ሁለት ቁራጭ ገጥሞ እውነቱን የሚናገርበት ዘመን በሕግ ያበቃው፣ የሕንድ ገበሬዎች በመስቀል ምልክት ፈርመው ወደ መርከብ በሚገቡበት ዘመን ነው።

በ1894 በናታል፣ ደርባን ውስጥ ባላሱንደራም የተባለ የታሚል ሠራተኛ ጌታው ሁለት የፊት ጥርሶቹን ሰብሮበት፣ ልብሱ ተቀዳዶ፣ አፉ እየደማ ወደ አንድ ወጣት ጠበቃ ቢሮ ገባ። ጠበቃው ሞሃንዳስ ጋንዲ ነበር። ጋንዲ ሕጉን መረመረ። ተራ ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ጌታው በፍትሐ ብሔር ብቻ ሊከሰው ይችላል፤ ባለውሉ ግን በወንጀል ተከስሶ ይታሰራል። ሰውየውን ወደ ሌላ ጌታ ለማዛወር ወሰነ። ያን አደረገ፤ ወሬውም በናታል ባለውሎች ዘንድ ተሰራጨ፤ ሠራተኞቹ ወደ ቢሮው ይጎርፉ ጀመር።

ሕንዳዊው ፖለቲከኛ ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ በ1912 በሕንድ ምክር ቤት ይህ የባለውል ሥርዓት እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ ተሸነፈ። በ1916 ግን ሌላው የምክር ቤቱ አባል ማዳን ሞሃን ማላቪያ ያቀረበውን ተመሳሳይ ሐሳብ የእንግሊዙ እንደራሴ ሃርዲንግ ተቀበለው። በ1917 ምልመላው ቆመ፤ ጥር 1 ቀን 1920 በፊጂ የቀሩት ውሎች ተሰረዙ።

የቀረው የሕጉ ታሪክ አጭር ነው። የ1925ቱ የእንግሊዝ የንብረት ሕግ በዲድ ላይ ፊርማ ወይም የእጅ ምልክት ግዴታ አደረገ። በ1989 የወጣው ሕግ ደግሞ የግለሰብ ሰነድ ማኅተም አያስፈልገውም አለ፤ የሚፈርመውና ምስክሩ ይበቃሉ። እኛም አገር በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ፣ በጽሑፍ የሚደረግ ውልም በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል።

በውል ባሕር መሻገር ግን አልቀረም፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ እህቶቻችን ውል ፈርመው ይሄዳሉ። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት አሠሪዋን ያለ ፈቃድ ለቅቃ የወጣች ሠራተኛ «ጠፍታለች» ተብላ የምትታሰርባቸውና የምትባረርባቸው አገሮች አሉ። ሕጋችን የሥራ ውላቸው በመንግሥት እንዲጸድቅ ይጠይቃል። እህታችሁን ወይም ልጃችሁን የምትሸኙ ከሆነ፣ በደላላ ቃል አትላኳት። ውሉ በምታነበው ቋንቋ ይነበብላት። ደመወዙ፣ ዘመኑና የአሠሪዋ አድራሻ መጻፉን አብራችሁ እዩ። አንዱን ቅጂ ይዛ ትሂድ፣ ሌላውን እናንተ ዘንድ አስቀምጡ፤ ሦስተኛው በመንግሥት መዝገብ መግባቱንም ሳታረጋግጡ አውሮፕላን ላይ አታሳፍሯት።